ሐዲዱ ላይ የተሠራው መንገድ፦ ከእናቴ ጋር በፍሎሪዳ ደሴቶች

እናቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር የሠራ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ስለ ባሕር ብዙ አታውቅም፤ ስለ ሐዲድ ግን ጠይቋት። ባለፈው ታኅሣሥ እኔ ጋ ሜሪላንድ መጥታ ብርዱ አላስቀምጣት አለ። "ነይ፣ ሙቀት ወዳለበት ልውሰድሽ። ባቡር የነበረበት መንገድ ላሳይሽ" አልኳት። ሻንጣዋን ለማዘጋጀት አንድ ሰዓት አልፈጀባትም። የገና ጾም ስለነበር በሶ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ከልብሷ በፊት ገቡ።

መንገዱ ኦቨርሲስ ሃይዌይ ይባላል። ከፍሎሪዳ ጫፍ የተበተኑትን ደሴቶች እንደ መቁጠሪያ እየሰካ፣ ከኪ ላርጎ እስከ ኪ ዌስት 113 ማይል ይሄዳል፤ 182 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 42 ድልድዮች አሉት። "ኪ" የተባለው ቃል ከስፓኒሹ "ካዮ" የመጣ ነው፤ ትንሽ ደሴት ማለት ነው። ከማያሚ የተነሳ ሰው አራት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። እኛ አምስት ቀን ወሰድን። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሰኞ

ማያሚ መኪና ተከራይተን ወደ ደቡብ ወረድን። ፍሎሪዳ ሲቲ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ሰው ሁሉ ዋናውን ይይዛል። እኔ ወደ ግራ፣ ወደ ካርድ ሳውንድ ታጠፍኩ። በ1928 የተከፈተው የመጀመሪያው የመኪና መንገድ ያለፈው በዚህ በኩል ነዋ። ያኔ የእንጨት ድልድይ ነበረው። የዛሬው ኮንክሪት ነው፤ ጀልባ ከሥሩ እንዲያልፍ ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል።

ግራና ቀኙ ማንግሮቭ ብቻ ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሥሩን አንፈራጥጦ የሚቆም ዛፍ ነው። አካባቢው የአዞ መጠለያ ስለሆነ እናቴ መስኮቱን እንድከፍት አልፈቀደችልኝም። ድልድዩ አናት ላይ ስንወጣ ግን ራሷ ከፈተችው። እስከ ዓይናችን ጫፍ ድረስ ውሃ ነው። አንዱ ቦታ አረንጓዴ፣ አንዱ ቦታ ሰማያዊ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣

"ለመሆኑ እዚህ ያለ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ከየት ያመጣል?" አለች።

ይሄን መንገድ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። አንድም ጊዜ አልጠየቅኩትም። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። "እናጣራለን" አልኳት።

ኪ ላርጎ አደርን። እዚህ በአሜሪካ የመጀመሪያው የባሕር ውስጥ ፓርክ አለ። የሚጠብቀውም የኮራል ሪፉን ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በሐምሌ 2023 እዚሁ አጠገብ ባለው ማናቲ ቤይ የውሃው ሙቀት 38 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ነበር። ሰው ትኩሳት ያዘው የሚባልበት መጠን ማለት ነው። ከታች መስታወት ያለው ጀልባ ላይ ሆነን አየን። ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች አሉ፣ በመሃል በመሃል ደግሞ እንደ አጥንት ነጭ የሆነ ቦታ አለ። እናቴ ዓሦቹን ወደደቻቸው። እኔ ዓይኔ ነጩ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ

እዚህ አገር አድራሻ የሚነገረው በማይል ነው። በየማይሉ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ቆሟል፤ ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዶ ኪ ዌስት ላይ ዜሮ ይሆናል። ቤት ስትጠይቅ "82፣ በውቅያኖሱ ወገን" ወይም "በባሕረ ሰላጤው ወገን" ይሉሃል። በቃ፣ ሌላ ምልክት አያስፈልግም። እናቴ ከጠዋት ጀምራ ቁጥሩን ጮክ ብላ ማንበብ ያዘች። 90፣ 89፣ 88...

81 ተኩል ላይ፣ አይላሞራዳ መሃል፣ መኪናውን አቆምኩ። ብዙ መኪና ሳያየው የሚያልፈው የድንጋይ ሐውልት አለ። ከዚያው ከደሴቶቹ ከተፈለጠ፣ ዛጎልና ኮራል ከሚታይበት ድንጋይ የተሠራ ነው። ላዩ ላይ በነፋስ የጎበጡ የኮኮናት ዛፎች ተቀርጸውበታል። ከሥሩ የ300 ሰዎች ያህል ቅሪት አርፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ1928ቱ መንገድ ሙሉ አልነበረም። መሃሉ ላይ 40 ማይል ገደማ ድልድይ አልነበረውም፣ መኪና የሚሻገረው በጀልባ ተጭኖ ነበር። ያንን ክፍተት ለመዝጋት መንግሥት በ1930ዎቹ ያመጣቸው ሠራተኞች የአንደኛው የዓለም ጦርነት የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። በ1932 ሥራ አጥተው፣ ቃል የተገባልን ጉርሻ ይከፈለን ብለው ዋሽንግተን የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። የገዛ አገራቸው ጦር በጭስ አባረራቸው። በኋላ ደግሞ ሥራ አለ ተብለው ብዙዎቹ ወደዚህ ተላኩ። ከውቅያኖሱ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ባለ መሬት ላይ፣ በድንኳንና በሳንቃ ጎጆ አሰፈሯቸው።

መስከረም 2 ቀን 1935 አውሎ ነፋሱ መጣ። አሜሪካን ከመቱት ሁሉ እስከ ዛሬ ከሱ የበረታ አልተመዘገበም። ሰዎቹን የሚያወጣ ባቡር ከማያሚ ተጠራ፤ ግን ዘግይቶ ተነሳ። አይላሞራዳ ሲደርስ መሽቶ ነበር፣ ባሕሩም አብሮ ደረሰ። ከአምስት ሜትር በላይ የቆመ ውሃ ፉርጎዎቹን ከሐዲዱ ላይ ጠርጎ ጣላቸው። ባለበት የቀረው ሎኮሞቲቩ ብቻ ነው። ከ400 በላይ ሰው ሞተ፤ ከመካከላቸው ከ250 በላዩ እነዚያ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። የቀሩት የደሴቶቹ ነዋሪዎች ናቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ያለቀ አለ።

ይሄንን ሁሉ ሐውልቱ ሥር ቆሜ ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች። ከዚያ፣

"ውሃ ሲመጣ ድምፅ አለው" አለች። "ሳታየው በፊት ትሰማዋለህ።"

ደቻቱን ማለቷ ነው። በነሐሴ 2006 ሌሊት፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ ድሬዳዋን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እናቴ የቡና ጓደኛዋን ያጣችው ያኔ ነው። እኔ ያን ጊዜ አሜሪካ ነበርኩ፤ በስልክ "ደህና ነን" ብላኝ ነበር። ስለዚያ ሌሊት አፍ አውጥታ ስታወራኝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ሐውልቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ረጅም ሰዓት አወራን። የምትነግረኝ ብዙ ነበራት። እዚህ አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድን። ሎወር ማቴከምቢ ከምትባለው ደሴት ማዶ፣ ውሃው ውስጥ፣ እነዚያ ሠራተኞች የጀመሯቸው የኮንክሪት ቋሚዎች እስካሁን አሉ። ድልድይ አልሆኑም። ወፍ ያርፍባቸዋል።

ረቡዕ

ስለ ባቡሩ መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው።

ሄንሪ ፍላግለር ከሮክፌለር ጋር በነዳጅ የከበረ ሰው ነበር። በ1905፣ ዕድሜው 70 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ባቡር በባሕር ላይ እስከ ኪ ዌስት አሳልፋለሁ ብሎ ተነሳ። ሰባት ዓመት ፈጀ። ከባሃማስ፣ ከካይማን፣ ከስፔን፣ ከአሜሪካም ከተሞች ሠራተኛ ተሰበሰበ። በጥቅምት 1906 መኝታቸው ጀልባ ላይ የነበረ ሠራተኞችን ማዕበል ከሎንግ ኪ ጠርጎ ወሰዳቸው፤ ከ100 በላይ ሰው አለቀ። በ1909 እና በ1910 ሌላ አውሎ ነፋስ መታቸው። ሥራው ግን አልቆመም። ጥር 22 ቀን 1912 ባቡሩ ኪ ዌስት ገባ። ፍላግለር 82 ዓመቱ ነበር፤ በዓመቱ ሞተ።

"የእኛ መቼ ነው ድሬዳዋ የገባው?" አልኳት፣ እንደምታውቅ እያወቅኩ።

"በ1902 በነሱ። አዲስ አበባ ግን 1917 ነው" አለችኝ፤ እንደ ልጆቿ የልደት ቀን ነው የምታውቀው። ስለዚህ አያቴ የጠገነው ሐዲድና ይሄኛው እኩዮች ናቸው። በአንድ ወቅት አንዱ በበረሃ፣ አንዱ በባሕር ላይ ይሄዱ ነበር።

ልዩነቱ፣ ይሄኛው 23 ዓመት ብቻ ነው የኖረው። የ1935ቱ ማዕበል 40 ማይል ያህል ሐዲድ አፈረሰ። ኩባንያው ቀድሞም ከስሮ ነበርና መልሶ መሥራት አልቻለም፤ መስመሩንና ድልድዮቹን ለፍሎሪዳ ግዛት በ640 ሺህ ዶላር ሸጠ። ድልድዮቹ ግን አልወደቁም ነበር። ስለዚህ ግዛቱ በሐዲዱ ፋንታ አስፋልት አነጠፈባቸው፣ በ1938 መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከፈተ።

ማራቶን የምትባለው ከተማ ላይ በመጀመሪያ አንድ ትንሽ ቤት አየን። ጆርጅ አደርሊ የተባለ ከባሃማስ የመጣ ጥቁር ሰው፣ ባቡሩ ሳይደርስ በፊት፣ ከ1903 ጀምሮ የሠራው ነው። ሲሚንቶ የለም፣ ግንበኛ የለም። የባሕር ዛጎል አቃጥሎ ኖራ አወጣ፣ ከአሸዋና ከዛጎል ጋር ለወሰው፣ ግድግዳ አቆመበት። ይተዳደር የነበረው ስፖንጅ ከባሕር እያወጣና ከሰል እያከሰለ ነው። እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ጣሪያው ሥር ቆማም ጥያቄዋን ለአስጎብኚዋ እንድተረጉምላት አዘዘችኝ፤ የውሃውን ጥያቄ።

አስጎብኚዋ ሳቀች፤ ደስ ብሏት ነው። ድሮ የዝናብ ውሃ ከጣሪያ እየወረደ በጉድጓድ ይጠራቀም ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ለሠራተኞቹም ውሃ በበርሜል ፉርጎ ከዋናው መሬት ያመላልስ ጀመር። ከዚያ በ1942፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ባሕር ኃይሉ ኪ ዌስት ስለነበር ከፍሎሪዳ ሲቲ የተነሳ 130 ማይል የውሃ ቧንቧ ተዘረጋ። ቧንቧው የሚያልፈው በድልድዮቹ በኩል ነው። "ዛሬም ከዚያው ነው የምንጠጣው" አለችን።

"መንገዱ ነው የሚያጠጣቸው በለኛ" አለች እናቴ።

ከዚያ አሮጌው የሰባት ማይል ድልድይ። አዲሱ በ1982 ተከፍቷል፣ መኪና የሚሄደው በሱ ነው። አሮጌው ጎን ለጎን ቆሟል፤ 2.2 ማይሉ ታድሶ ከ2022 ጀምሮ ለእግረኛና ለብስክሌት ክፍት ነው። መጨረሻው ፒጅን ኪ ናት፣ አንድ ጊዜ 400 ያህል የድልድይ ሠራተኞች የኖሩባት ሚጢጢ ደሴት። ሄዶ መመለስ የሚችል ትንሽ መኪና አለ። እናቴ አሻፈረኝ አለች። "ቀፊራ በእግሬ ሄጄ በእግሬ የምመለስ ሴት ነኝ።"

ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። የድልድዩን የጎን መከላከያ ይዛ ነበር፤ ነጭ ቀለም የተቀባ ረጅም ብረት ነው። እጇን ከላይ ወደ ታች አንሸራተተች። ጎንበስ ብላ ከሥሩ አየችው።

"አንተ፣ ይሄ እኮ ሐዲድ ነው።"

ልክ ናት። መንገዱን ሲሠሩ የባቡሩን ሐዲድ ነቅለው መከላከያ አደረጉት። እኔ እዚህ ከመምጣቴ በፊት አንብቤው ነበር፤ ልነግራትም አስቤ ነበር። እሷ ግን በእጇ አወቀችው። ልጅ ሳለች ለአባቷ ምሳ ይዛ ስትሄድ ሐዲዱ ላይ ትቀመጥ እንደነበር፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ከሰዓት እንደሚያቃጥል ነገረችኝ። ጭንቅላቱ ክብ፣ ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ሰፊ። "እንዴት እረሳዋለሁ?" አለች። ፒጅን ኪ እስክንደርስ እጇን ከብረቱ አላነሳችም።

ፎቶ አላነሳኋትም። በቃ አላሰብኩትም።

ሐሙስ

ቀኑ ቀላል ነበር። አዲሱን ድልድይ በመኪና ተሻገርን። በግራ በኩል ውቅያኖስ፣ በቀኝ በኩል አሮጌው ድልድይ እየተከተለን። አሮጌው ላይ፣ ሰው በማይረግጠው ክፍል፣ ከኮንክሪቱ ስንጥቅ የበቀለ አንድ ዛፍ አለ። የአካባቢው ሰዎች ፍሬድ ይሉታል፤ በገና ሰሞን መብራት ያንጠለጥሉበታል። እናቴ በመስቀል ምልክት ሰላምታ ሰጠችው።

ባሂያ ሆንዳ ላይ ባቡሩ ያልፍበት የነበረው የብረት ድልድይ ቆሟል። ለሁለት መኪና ስለማይበቃ በ1938 አስፋልቱን ከላይ፣ በብረቶቹ ጣሪያ ላይ ነበር የሠሩት። ሾፌሮች እዚያ ላይ ሲነዱ ምን ይሰማቸው እንደነበር እግዜር ይወቅ። አሁን መሃሉ ተቆርጧል፤ ጫፉ ላይ ወጥተህ ዝገቱን ታያለህ። ከሥሩ ያለው የባሕር ዳርቻ ግን ከሁሉም ደሴቶች የሚበልጥ ነው፤ አሸዋው ዱቄት።

ማምሻውን ቢግ ፓይን ኪ። እዚህ ብቻ የሚገኝ ትንሽ አጋዘን አለ። ትከሻው እስከ ጭንህ ቢደርስ ነው፤ ምዳቋን ያየ ሰው ገና ሲያየው ያስታውሰዋል። በ1950ዎቹ ከ50 በታች ቀርቶ ነበር። በ1957 መጠለያ ተከለለለት፣ መንገዱ ላይ ፍጥነት ተቀነሰ። በ2017 ሄሪኬን ኢርማ መሬት የነካችው ከዚህ አጠገብ፣ "ከጆ ኪ" በምትባለው ደሴት ላይ ነበር፤ አጋዘኖቹ ግን ተርፈዋል። ሁለት ሴትና አንድ ግልገል መንገዱን ሲሻገሩ ሞተር አጥፍቼ ጠበቅኳቸው። ከኋላዬ ያለው መኪናም አልጮኸም።

ዓርብ

ዜሮ ማይል። ምልክቱ ሥር ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል፣ እኛም ተነሳን። የደራሲው የሄሚንግዌይ ቤት ወረፋው ረጅም ነበር፤ አለፍነው። ምሳ የበላነው ኩባ ቤት ነው። ሩዝ፣ ጥቁር ቦሎቄና የተጠበሰ ሙዝ፤ ለጾም ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ኪ ዌስት የተወለዱ ሰዎች ራሳቸውን "ኮንክ" ይላሉ፤ ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፣ ጠብሰውም ይበሉታል። አሁን ፍሎሪዳ ውስጥ ማጥመዱ ስለተከለከለ ከውጭ ነው የሚመጣው። እናቴ ሳህኑን ከሩቅ አይታ ወደ ቦሎቄዋ ተመለሰች።

ደቡባዊው ጫፍ ላይ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ የተቀባ ትልቅ ምሰሶ አለ። "ኩባ 90 ማይል" ይላል። ሳነብላት ዓይኗ በራ።

"ኩባ? እነዚያ የእኛ ኩባዎች?"

በ1977 እና 1978፣ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ፣ ድሬዳዋ ላይ የነበሩት የኩባ ወታደሮች ናቸው። እናቴ ያኔ ወጣት ነበረች። አዲስ አበባ ትግላችን ሐውልት ላይ የሞቱት ምስል አለ። "ልጆች ነበሩ፤ ከረሜላ ይሰጡን ነበር፣ ስፓኒሽ ይዘፍኑ ነበር" አለች። ወደ ባሕሩ ፊቷን አዙራ ብዙ ቆመች። ከኋላችን የተሰለፉት ፎቶ ፈላጊዎች እየጠበቁን መሆኑን አስታወስኳት፤ አልሰማችኝም።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሰው ሁሉ ወደ ማሎሪ አደባባይ ይጎርፋል። እኛ ወደ ሂግስ ባሕር ዳርቻ ሄድን። በ1860 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባሪያ የጫኑ ሦስት መርከቦች ይዞ ወደ ኪ ዌስት አመጣ። ባሪያ ከውጭ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ የተከለከለ ነበር። መርከቦቹ ውስጥ 1,432 አፍሪካውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ ገና ልጆች። የደሴቱ ሰዎች ምግብና ልብስ አመጡላቸው። ቢሆንም 295 ያህሉ በበሽታ ሞተው እዚሁ አሸዋ ውስጥ ተቀበሩ። የተረፉት ወደ ላይቤሪያ ተላኩ። መቃብሩ ተረስቶ ቆይቶ በ2002 በራዳር ተገኘ። ዛሬ አጥር አለው፣ መታሰቢያ አለው። ከጎኑ ሰው መረብ ኳስ ይጫወታል።

"ስማቸው የት ላይ ነው የተጻፈው?"

"አልተጻፈም እማዬ። አይታወቅም።"

"ታዲያ ነፍስ ይማር ስል ማንን ብዬ ልጥራ?"

መልስ አልነበረኝም። እሷ ጫማዋን አውልቃ አጥሩ ሥር ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም። ፀሐይዋ ገባች፤ ማሎሪ ላይ ይሄኔ ሰው ያጨበጭባል።

ስንመለስ መንገድ ዳር የመጠጥ ውሃ ቧንቧ አገኘች። መዳፏን ሞልታ ጠጣች።

"ይሄ ነው ከፍሎሪዳ ሲቲ የመጣው?"

"እሱ ነው።"

"ያን ሁሉ ድልድይ ተሻግሮ?"

"አዎ።"

ድጋሚ ጎንበስ አለች። አንድ መዳፍ ቀድታ ወደ አጥሩ ተመልሳ ሄደች፣ አሸዋው ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው።